ጉልላት የሌለው ደን

የስደት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ሌሊቱ ጨለማ ነበር» ብሎ ሲጀምር አያለሁ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ይነሳል ተብሎ ስምንት ሰዓት ስለተነሳ፣ ሊሸኘኝ የመጣው ዘመድ ሁለት ጊዜ አለቀሰልኝ፤ አንዴ በቀጠሮው፣ አንዴ በእውነቱ። በሁለተኛው ላይ እንባው አልቆ ነበርና አክስቴ «ኧረ አውቶቡሱ ይሂድ እንግዲህ፣ ፀሐዩ ፈጀን» አለች። እናቴ ግን ሁለቱንም ጊዜ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። አባቴ አላለቀሱም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባሬን ሳሙና «ሂጂ ይታይሽ፣ በሰላም ግቢ» አሉኝ፤ ማዶ ካለው ቀበሌ ለቅሶ ደርሼ የምመለስ ይመስል።

ዲቪ ሎተሪ የሚባለው ነገር ገና አዲስ የነበረ ጊዜ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ለሁላችንም ፎርሙን ሞላልን፤ ለእሱ ሳይደርሰው ለእኔ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ስጽፍለት አይመልስልኝም፣ አልፈርድበትም። ሲያትልንም እኔ መርጬው አይደለም። መምህራን ማሠልጠኛ አብራኝ የተማረችው ትዕግስት እዚያ ስለነበረች ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ዝናብ ነበር። በማግስቱም ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትዕግስትን «ክረምቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላት «የትኛው?» አለችኝ። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ የሲያትልን ዝናብ ከእኛ ሐምሌ ጋር እንዳታመሳስሉት። የእኛ ሲመጣ አስቀድሞ ያጉረመርማል፣ ሰውንም ከብቱንም ያስሮጣል፣ የልቡን አድርሶ ይሄዳል። የሲያትሉ አይዘንብም፣ አይተውም፤ የመጣበትን ጉዳይ እንደማይናገር እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ያንጠባጥባል። ሰዉ ጥሩ ነው። ፈገግ ይላል፣ «ሃው አር ዩ» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ እመልስ ነበር፤ ደህና መሆኔን፣ እንቅልፍ ግን እንደከዳኝ፣ ዳቦው ስኳር ስኳር እንዳለኝ ስዘረዝር ጠያቂው መኪናው ውስጥ ገብቷል።

ሥራዬ ኤርፖርት ላይ ዊልቸር መግፋት ሆነ። ከትዕግስት ጋር ኦቴሎ አካባቢ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ይዘን፣ እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ እንተኛለን። ትዕግስት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድማ መጥታለች፣ ስለዚህ አሜሪካን የፈጠረቻት እሷ ናት። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አዲስ ጫማ እየሞከረች ደረስኩ።

«ቅዳሜ ሃይክ ልናደርግ ነው፣ ነይ» አለችኝ።

«ምን ልናደርግ?»

«ጫካ ገብተን ዎክ እናደርጋለን፣ ከዛ እንመለሳለን።»

«ማን ጠፍቶ?»

«ማንም አልጠፋም!»

«ታዲያ ምን ልናመጣ ነው?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ይታይሽ! ምንም አናመጣም። ለኤክሰርሳይስ ነው፣ ኦኬ?»

አልሄድኩም። እኔ ባደግኩበት አገር ጫካ የሚገባው ወይ ከብት የጠፋበት ነው፣ ወይ ሰው የገደለ። ደህና ሰው ዛፍ መሀል የሚገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም። ተራራው ታርሷል፣ ሜዳው ታርሷል፣ ከደጃፍ ባሕር ዛፍ በቀር የቀረ የለም። ድሮ የበቀለ ጥድና ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ ያለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ምክንያቱም የታቦቱን ዛፍ የሚነካ የለም። ከሩቅ ጥቁር ደን ካየህ መሀሉ ላይ ጉልላት አለ፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። የእኔ አባት አቶ ሙጬ ደግሞ ሥራቸው ይኸው ነው። የመንደራችን የሚካኤል ደን ዘበኛ ናቸው። ደመወዙ በዓመት የተወሰነ ቁና እህል ነው፣ ክብሩ ግን ብዙ ነው፤ በእሳቸው ጊዜ ከሚካኤል ግቢ አንድ የጥርስ መፋቂያ እንኳ በስርቆት አልወጣም ይባላል።

በሄድኩ በዓመቱ እናቴ ሞተች። መርዶዬን የነገሩኝ የማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በማለዳ በር አንኳኩተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተደርድረው ተቀመጡ፣ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፣ ሰው ገፋሁ። አፈር ሳላለብሳት፣ ሙሾ ሳልሰማላት፣ ለቅሶዬ ሳይወጣልኝ ቀረ። ያን ጊዜ ነው አባባን አመጣቸዋለሁ ብዬ የማልኩት። ወንድም እህት የለኝም፤ እሳቸውም ከእኔ ሌላ የላቸውም።

የጉብኝት ቪዛ ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቆንስሉ በአስተርጓሚ «ምን ይሠራሉ?» አላቸው።

«ዛፍ እጠብቃለሁ።»

«ከምን?»

«ከሰው።»

«አሜሪካ ከገቡ በኋላ እንደሚመለሱ በምን አምናለሁ?»

«ልጄ» አሉት አባባ፣ «አንተ ቢሮህን ክፍት ትተህ ስንት ቀን ትሰነብታለህ?»

ቆንስሉ ሳቀና ማኅተሙን መታላቸው። ትዕግስት ይህን ስትሰማ «እኔ ስንት ፔፐር ተሸክሜ ሦስቴ ሪጀክት ተደርጌ!» ብላ ቀኑን ሙሉ ተናደደች።

አባባ ሚያዝያ ውስጥ ገቡ። ስድስት ወር ተፈቀደላቸው። እኔ ግን ስድስት ወር አልበቃኝም። ማራዘሚያ የሚጠየቅበት ፎርም አለ፤ ገና በመጡ በሳምንቱ አምጥቼ፣ ስማቸውን ሞልቼ፣ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ይፈርሙልኝ» ስላቸው «እስቲ አገሩን ልየው» አሉ። ልክ ነው፣ አልኩ። ችግሩ አገሩን የማያዩ መሆናቸው ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የመኪና ማቆሚያውን ይመለከታሉ። «ወጣ ብለው አይንሸራሸሩም?» ስላቸው «የት ልሂድ? የምሳለመው ደጅ የለ፣ የምጠይቀው በሽተኛ የለ» ይላሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው፤ ያን ጊዜ ከአሜሪካኖች በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ነበር። አስቀደሱ፣ ቄሱን አመሰገኑ፣ ስንወጣ ዙሪያውን አስፋልት አይተው «ልብሱን ማን ገፈፈው?» አሉኝ።

በዚህ ላይ የአፓርታማው ኃላፊ በር አንኳኳ። አባባ ንጋት ላይ ተነስተው ዳዊት ይደግማሉ፣ ድምፃቸው ደግሞ ገደል የለመደ ነው።

«የኪራይ ውሉ ላይ የፈረማችሁት ሁለት ናችሁ» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ድምፅ ይሰማል።»

«አባቴ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

በእጁ የያዘውን ውል ገለጥ አደረገ። «ዝግ ብለው እንዲያወሩት ንገሪልኝ።»

ነገርኳቸው። አባባ ይከፋቸዋል ስል «እውነቱን ነው፣ እግዚአብሔር ደንቆሮ አይደለም» ብለው ከዚያ ቀን ወዲህ በለሆሳስ ይደግሙ ጀመር። ይህ ዝግታ ግን ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ሰውዬው እየጠፉብኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ዝናቡም ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ተወ። አባባን በግድ አስነስቼ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወሰድኳቸው። ሐይቁ ዳር እንደ ደረስን ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ውኃው በገባው ምላስ መሬት ላይ ጥቁር ደን ተገትሯል፤ ዛፉ ከዛፍ በላይ ዛፍ ነው። ዱላቸውን አነሱና ጠቆሙ።

«ያውልሽ!» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ቀን ደበቅሽኝ?»

«ምኑን፣ አባባ?»

«ደብሩን ነዋ!»

«አባባ፣ ያ ፓርክ ነው። ሰው የሚንሸራሸርበት ነው።»

«ገብተሽ አይተሽዋል?»

እውነቱን ለመናገር ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ኖሬ አንድ ቀን አልገባሁም። «አላየሁም» አልኩ።

«እንግዲያ ዝም በይ» አሉና ቀደሙኝ። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲራመዱ አላየኋቸውም።

መግቢያው ላይ የእንጨት ሰሌዳ ተተክሏል። እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ አልኮል ክልክል ነው፣ ውሻ በገመድ ይያዝ ይላል። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፣ ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ተሳለሙት። በሩጫ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ዞሮ አይቶ ከዛፍ ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና በእጃቸው ያዙ። እኔ «አባባ፣ እሾህ አለ» እላለሁ፣ እሳቸው አይሰሙኝም።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ከመኪናው ድምፅ ሃምሳ እርምጃ ብቻ ገብተን መኪና የሚባል ነገር የተፈጠረ አይመስልም ነበር። ግንዱን አራት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። መሬቱ በሽበት ይሁን በሐር፣ ብቻ በአረንጓዴ ነገር ተሸፍኗል፣ እግር ይሰምጥበታል። አባባ አንዱን ግንድ በመዳፋቸው አሻሹ፣ ልጡን በጥፍራቸው ሳይልጡ አሸተቱት። «ጥድ ነው» አሉ። «ራሱ ባይሆን ወንድሙ ነው።» ሰዎቹ ሴዳር ይሉታል፤ ዘመድ ነው አሉ፣ ቆይቼ ሰማሁ። ከዚያ ጉልላቱን ፍለጋ ወደ ላይ እያዩ ሄድን። እኔም፣ አታምኑኝም ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶ አብሬያቸው መፈለግ ጀመርኩ።

ከመታጠፊያው በኩል አንዲት ሴትዮ ነጭ ውሻ ይዛ ብቅ አለች። አባባ ዘወር አሉና ዱላቸውን በመንገዱ ላይ አጋደሙት።

«ክላ! ውጣ! ውጣ ከግቢ!»

«ምን ሆነው ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ ውሻዋን አቅፋ። «ውሻዬን ሊመቱት ነው!»

«አይመቱትም። እያስወጡት ነው።»

«ከየት?»

«ከቤተ ክርስቲያን።»

«የት አለ ቤተ ክርስቲያን?»

ይህን እኔም ለማወቅ ስፈልግ ነበር። ሴትዮዋ ፊቷ ቀልቶ እየተራመደች ሄደች፣ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ልብስ የለበሰች፣ ሰፊ ባርኔጣ የደፋች ወጣት ይዛ ተመለሰች። ቪዛቸው ይሰረዛል፣ በዚሁ ይመልሷቸዋል ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። አባባ ግን ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አይተው ፊታቸው በራ።

«ዘበኛዋ ናት?»

«አዎ፣ አባባ። እባክዎ ዝም ይበሉ።»

«እንደምን ዋልሽ ልጄ! የደንብ ልብስም አላችሁ? በይ ንገሪያት፣ የሙያ ባልደረባ ነኝ በያት።»

ነገርኳት። የባርኔጣዋን ጫፍ ከፍ አድርጋ ባዶ እግራቸውን አየች።

«ሬንጀር ናቸው? የት?»

«ኢትዮጵያ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ደን ጠብቀዋል።»

«የመንግሥት ነው የግል?»

ለአባባ ተረጎምኩ። «የሚካኤል ነው» አሉ።

«አለቃቸው ሚካኤል ነው» አልኳት፤ ሌላ ማብራሪያ የምሰጥበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም።

«ለሚካኤል ንገሩልኝ» አለች ልጅቷ ከልቧ፣ «ጥሩ ሰው አሠልጥኗል።» ከዚያ ለውሻው ባለቤት ሰውዬው እንግዳ መሆናቸውን፣ ለእኛ ደግሞ በገመድ የተያዘ ውሻ እንደሚፈቀድ አስረዳች። አባባ የመጨረሻ ጥያቄ ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው? ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የለም። ኖሮም አያውቅም።

አባባ እንደገና ወደ ላይ አዩ። «ታዲያ ታቦት ከሌለው» አሉ በመጨረሻ፣ «ማንን ፈርተው ነው ያልቆረጡት?»

ይህን ስተረጉምላት እሷም ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። «በሌላው ቦታ ሁሉ ቆርጠውታል» አለች። «ይህን ግን የሚወዱት ሰዎች ነበሩ።»

«ወደው ብቻ!» አሉ አባባ። ጫማቸውን ግን አላደረጉም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባባን ቤት የሚይዛቸው አልተገኘም። ዳዊታቸውን ደግመው፣ ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው ይወርዳሉ፣ ደኑን አንድ ዙር ይዞራሉ፣ ሰው የጣለውን ጠርሙስና ወረቀት በፌስታል ለቅመው ለሬንጀሯ ያስረክባሉ። እሷ «ሚስተር ሙጬ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «አለቃ» ይሏታል። ስለ ውሻው ጉዳይ ሁለት ቀን አስበው ፈረዱ፤ «መቅደስ ስለሌለው ውሻ ይግባ፣ እኔ ግን ጫማዬን አላደርግም።» የነጩ ውሻ ባለቤት እንኳ ቆይታ ቆይታ በሩቁ እጇን ታነሳላቸው ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው ብሏል። ወድቆ የተጋደመ ትልቅ ግንድ አለ፣ ማንም አያነሳውም። «ይህን ያህል ማገዶ ተኝቶ!» እያሉ ያብሰለስላሉ። አለቃቸው አንድ ቀን ወሰደችንና አሳየችን፤ በበሰበሰው ግንድ ጀርባ ላይ ጣት የሚያካክሉ ትንንሽ ዛፎች በተርታ በቅለዋል። አባባ ጎንበስ ብለው ቆጠሯቸው፣ ደግመው ቆጠሯቸው፣ ቤት እስክንገባ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ትዕግስት ሳትቀር ደስ ብሏታል። «አባባ እኮ ቶታሊ ቼንጅ አደረጉ» ትለኛለች። «አንቺ ሶ ላኪ ነሽ።»

እኔም በዕረፍት ቀኔ አብሬ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ከአንዱ ግንድ ሥር ተቀምጠን ያመጣነውን ቆሎ እየበላን ሳለ አባባ ሳይታሰብ ስለ እናቴ ቀብር ማውራት ጀመሩ። ማን ምን እንዳለ፣ ወይራው ሥር እንደተቀበረች፣ ሙሾ አውራጇ የእኔን ስም እየጠራች ያለችውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። በመርዶው ጊዜ ያልጨረስኩትን ለቅሶ ያን ቀን አለቀስኩት። ድምፄን አውጥቼ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ አገሬ እንደሚለቀሰው። ሁለት ፈረንጆች በመንገዱ መጥተው ነበር፣ አይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በእግር ጣታቸው ጫፍ አለፉ። ስነሳ ወጥቶልኝ ነበር። ጫካ የሚገባው ለምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም።

ፎርሙ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። አባባ «ከፍልሰታ በኋላ» አሉ፤ ፍልሰታ ተፈታ። «አዲስ ዓመት ይግባ» አሉ፤ ገባ። አልጨቀጨቅኳቸውም፤ ሲስቁ እያየሁ ለምን እጨቀጭቃለሁ? በልቤ ቀርተዋል ብዬ ሶፋ አልጋ ልገዛ ዋጋ መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአገር የመጣ ሰው አንድ ካሴት አደረሰን። የጎረቤታችን የታከለ ድምፅ ነው፤ አባባ ደኑን አደራ ያሉት እሱን ነበር። ሦስታችንም ቴፑ ዙሪያ ተቀመጥን። ታከለ ሰላምታውን ከቄሱ ጀምሮ በመንደሩ ቅደም ተከተል ያወርዳል፣ እገሌ ወለደች፣ እገሌ ታመመ፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ደኑም ደህና ነው። ከድምፁ ጀርባ ዶሮ ይጮኻል፣ ከዚያ ጀርባ በሩቁ ጧ... ጧ... የሚል ነገር አለ። አባባ እጃቸውን አነሱ። «መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። «መልሺው።» ሦስት ጊዜ ሰሙት።

«ምሳር ነው» አሉ።

«ማገዶ የሚፈልጥ ሰው ይሆናል፣ አባባ።»

«ይታይሽ፣ እኔ ደኑን የምጠብቀው በዓይኔ ይመስልሻል? የሚሰርቅ ሰው ዓይን ያለበት አይመጣም። ቤቴ ተኝቼ ምሳሩን ስሰማ ዛፉን አውቃለሁ። ወይራ ይደውላል፣ ዋንዛ ይታፈናል። ይህ ጥድ ነው። ጥዱን እየጣሉት ነው።» ተነሱ። «መሄድ አለብኝ።»

ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ በእናቴ ስም ለመንኳቸው፣ ታከለ ባለበት ስልክ ይደወል አልኩ፣ ተቆጣሁም። «ከእኔ ጥድ ይበልጥብዎታል?» አልኳቸው፤ ይህን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ። አባባ ጭንቅላቴን ዳበሱ። ፎርሙን ካስቀመጥኩበት አነሳሁና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የተመለሱ ቀን ዩኒፎርሜን ለብሼ ዊልቸር ይዤ ጠበቅኳቸው፤ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ እኔው ልግፋቸው ብዬ። ወንበሩን ዞረው አዩት። «እግር እያለኝ?» አሉ። ከዚያ ዓይኔን አዩ፤ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። «በይ አንቺ ተቀመጪ።» እምቢ ብል ማን ይሰማኛል። ሬንጀሯ የሰጠቻቸውን አረንጓዴ ባርኔጣ ደፍተው፣ ዱላቸውን ጭኔ ላይ አጋድመው፣ ዩኒፎርም የለበስኩትን ሠራተኛ በኤርፖርቱ መሀል እየገፉ ወሰዱኝ። ሱፐርቫይዘሬ አየንና በሩን ከፈተልን። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ሄዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድም ወሬ አልሰማሁም። ከዚያ ቴሌ ቀጠሮ ይዘው እንደሚጠብቁኝ በሰው ላኩብኝ፣ እኔም በቀጠሮው ደብረ ታቦር ደወልኩ። መስመሩ ይንሿሿል፣ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይመጣብኛል፣ በስተመጨረሻ «ይታይሽ!» የሚለው ገደል የለመደ ድምፅ መጣ። ደህንነቱን ጨርሰን፣ እህሉን ጨርሰን፣ ሞት ሽረቱን ጨርሰን፣

«ማን ነበር የቆረጠው?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ጥዱን ነዋ፣ አባባ!»

«ማንም አልቆረጠውም። ታከለ ሰውን ጠራርቶ ካሴቱን ሲሞላ ልጁ ጓሮ ማገዶ ይፈልጥ ነበር። ባሕር ዛፍ ነው።»

ያ ሁሉ መሬት የተሄደው፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ለባሕር ዛፍ። «ታዲያ ጆሮዎ አታለለዎት?» አልኩ።

«ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ። መስመሩ ትንሽ ተንሿሿ። «ያን ቀንም ባሕር ዛፍ መሆኑን ሰምቻለሁ።»

«አባባ፣ ዋሹኝ?»

«ዋሸሁሽ። ምን ላድርግ ልጄ? ያቺን ወረቀት ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ስታስተካክያት አያለሁ። አልፈርምልሽም የምልበት አፍ አጣሁ። የእናንተው ደንም አምሮኝ ነበር፤ ግን የራሱ ዘበኛ አለው፣ እኔ ብኖርም ባልኖርም ይኖራል። እናትሽ ግን እዚህ ብቻዋን ናት። ለቄሱ ተናዝዤ መቶ ስግደት ሰጥተውኛል፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። እሱ ቀላል ነው። አንቺ ግን ተቀይመሽኛል?»

«ኧረ አልተቀየምኩም፣ አባባ» አልኩ። «ምን ያስቀይመኛል?»

ድምፄን አስተካክዬ፣ ፈገግ እያልኩ ነው ያልኩት፤ አጠገቤ የነበረችው ትዕግስት እንኳ አምናኛለች። ከወዲያ ማዶ መስመሩ ብቻ ይንሿሿል። ተቋረጠ ስል፣

«እሺ ልጄ» አሉኝ። «ሲወጣልሽ ደውዪልኝ።»